ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ እሳት መጠበቂያ ማማና ወደ ማማው ስለሚያወጣው አቀበት

በአገራችን እህል እሸት በያዘ ጊዜ በማሳው መካከል ማማ ተሠርቶ ጠባቂ እንደሚቀመጥበት ማንም ያውቃል። ጠባቂው ወፉንና ጦጣውን የሚያባርረው ከሌላው ሰው ይልቅ ብርቱ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከፍ ባለ ስፍራ ተቀምጦ ሌላው ሳያይ አስቀድሞ ስለሚያይ ነው። ወንጭፉ ትንሽ ነው፥ ነገር ግን በጊዜው የተወረወረ እንደ ሆነ ማሳውን ሁሉ ያድናል። እንዲሁም በሩቅ አገር፥ በአሜሪካ፥ ደንን ከእሳት ለመጠበቅ በተራራ ራስ ላይ የተሠሩ ማማዎች አሉ። ዛሬ ብዙዎቹ ያረጁና ጠባቂ የሌለባቸው ናቸው፤ ሰዎች ግን አጭሩን አቀበት በእግራቸው እየወጡ ይጎበኟቸዋል።

የዚህ ትምህርት አሳብ ሁለት ነው። መጀመሪያ፥ ማማው በምን ምክንያት እንደ ተሠራና ጠባቂው የጭሱን ስፍራ በምን ጥበብ እንደሚያገኝ ማስረዳት ነው። ሁለተኛ፥ አስቀድሞ ማየት ብቻውን እንደማይበቃ፥ የታየውንም ነገር መመርመር እንደሚያስፈልግ ማሳየት ነው። መምህራን ይህን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ከፍለው ቢያስተምሩት ይሻላል፤ ሽማግሎችም ስለ አገራቸው ደን የሚያውቁትን ቢጨምሩበት ትምህርቱ ይሞላል። በዚህ ጽሑፍ የተነገረው ዓመት ሁሉ፥ ካልተገለጠ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅ።

1. የ1910 ታላቅ እሳት

የአሜሪካ መንግሥት የደን መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1905 ነው። ሥራ ከጀመረ ገና አምስት ዓመት ሲሆነው፥ በ1910፥ አይዳሆና ሞንታና በሚባሉት ግዛቶች ታላቅ እሳት ተነሣ። የዚያ ዓመት በጋ ዝናብ የጎደለበት ነበርና በየጫካው ብዙ ትንንሽ እሳት ይጤስ ነበር። ኦገስት በሚባለው ወር በ20ኛውና በ21ኛው ቀን ብርቱ ነፋስ ተነሣና የተበታተነው እሳት ተገናኝቶ አንድ ሆነ። በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 1,200,000 ሔክታር የሚሆን ምድር ተቃጠለ፤ ከ80 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ከሞቱትም የሚበዙት እሳቱን ሊያጠፉ የተላኩ ሠራተኞች ነበሩ።

ከዚህ መከራ የተገኘው ትምህርት አባቶቻችን በሁለት ቃል ከተናገሩት ጋር አንድ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ትንሹን እሳት ሦስት ሰዎች መጥረቢያና አካፋ ይዘው ያጠፉታል፤ ነፋስ ያገኘውን ታላቅ እሳት ግን ሺሕ ሰው አይመልሰውም። ችግሩ ደኑ እጅግ ሰፊ፥ ሰውም ጥቂት መሆኑ ነበር፤ ጭሱ ከሰው ዓይን በደረሰ ጊዜ እሳቱ አስቀድሞ አድጎ ይገኛል። ስለዚህ ከዚያ በፊት በጥቂት ስፍራ ብቻ የነበረው የእሳት ማማ ከ1910 በኋላ በየተራራው ይሠራ ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ማማዎች እጅግ የተናቁ ነበሩ። አንዳንዱ መሰላል የተደገፈበት ረጅም ዛፍ፥ አንዳንዱም በጫፍ ድንጋይ ላይ የተተከለ ድንኳንና ጠረጴዛ ብቻ ነበር። በኋላ በእንጨትና በብረት የተሠሩ፥ በአራቱም ማዕዘን መስተዋት የተደረገባቸው ትንንሽ ቤቶች ተተኩ። ከ1933 እስከ 1942 ድረስ መንግሥቱ ሥራ ያጡትን ወጣቶች ሰብስቦ በየደኑ ባሠራ ጊዜ ብዙ ማማና ወደ ማማው የሚያደርስ ብዙ መንገድ ተሠራ። ማማ በበዛበት ዘመን በአገሩ ሁሉ የነበሩት ከ5,000 ይበልጡ ነበር።

2. ወደ ማማው የሚያወጣው መንገድ

የማማው መንገድ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት አንዱን መርጠን እንናገር። በኮሎራዶ ግዛት፥ ዴንቨር ከተባለው ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ፥ ፓይክ በሚባለው የመንግሥት ደን ውስጥ ዴቪልስ ሔድ የተባለ ተራራ አለ። ትርጓሜው «የሰይጣን ራስ» ማለት ነው። ስሙ ቢያስደነግጥም ስፍራው ያማረ ነው። የተራራው ራስ ከባሕር ወለል 2,971 ሜትር ከፍ ይላል፤ ይህም ከደብረ ብርሃን ከተማ ጥቂት የሚበልጥ ከፍታ ነው።

መንገዱ ረጅም አይደለም፤ መውጫው ከሁለት ኪሎ ሜትር ከሩብ አይበልጥም። ነገር ግን በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ወደ 280 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ይህም ማለት መቶ እርምጃ በተራመዱ ቁጥር አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ላይ መነሣት ነው። መንገዱ በጥድና ቅጠሉ በትንሽ ነፋስ በሚንቀጠቀጥ አስፐን በተባለ ነጭ ልጥ ባለው ዛፍ መካከል ያልፋል፤ ቀላ ያሉ ታላላቅ ዐለቶችም ከግራና ከቀኝ ቆመዋል። ዐለቱ ግራኒት የሚባለው ነው፤ ዕድሜውም አንድ ሺሕ ሚልዮን ዓመት ያህል መሆኑን የምድር መርማሪዎች ያስረዳሉ። በመጨረሻ ከጫፉ ሥር ጠባቂው የሚያድርበት ትንሽ ቤት ይገኛል። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፤ ከዐለቱ ጋር የተያያዘ 143 ደረጃ ያለው መሰላል ብቻ ነው። ማማው ከመሰላሉ ራስ ላይ ተቀምጧል።

መንገዱ እንዲህ አጭርና አቀበት የሆነበት ምክንያት አለው። ማማው ከሁሉ በላይ ካልተቀመጠ አይጠቅምም፤ ወደ ማማው የሚሄደውም ለመዝናናት ሳይሆን ለሥራ ነበርና መንገዱ ያለ ብዙ ማዞር ወደ ላይ ይወጣል። ምግቡም፥ ውኃውም፥ መስተዋቱም በበቅሎ ወይም በሰው ጀርባ ይወጣ ነበር። በብዙ ስፍራም ጠባቂው ጭስ ባየ ጊዜ ራሱ አካፋውን ይዞ ወርዶ እሳቱን የሚያጠፋ ስለ ነበረ ፈጥኖ መውረጃ ያስፈልገው ነበር።

እንዲህ ያለውን አቀበት ለሚወጣ ሰው የሚሆን ምክር ጥቂት ነው፤ ደገኞች አስቀድመው ያውቁታል፥ ልጆች ግን ይማሩት። በአቀበት እርምጃን ማሳጠር እንጂ ማፍጠን አይገባም። የሚወጣ ሰው ከባልንጀራው ጋር መነጋገር ካቃተው ከዐቅሙ በላይ ፈጥኗል ማለት ነው። በሦስት ሺሕ ሜትር ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳር ካለው ከመቶ ሰባ እጅ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ ስለዚህ ውኃ ይያዝ፥ በየመካከሉም ይረፍ። በኮሎራዶ ተራሮች በበጋ ከቀትር በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ ብዙ ጊዜ ስለሚወርድ በማለዳ መውጣትና ከቀትር አስቀድሞ ከጫፉ መውረድ የታወቀ ልማድ ነው። ሲወርዱም ጉልበትን የሚጎዳው ቁልቁለቱ ስለ ሆነ መሮጥ አይገባም።

3. ከፍታ ለዓይን የሚሰጠው ጥቅም

ምድር ክብ ስለ ሆነች በሜዳ ላይ የቆመ ሰው ከአምስት ኪሎ ሜትር የራቀውን ምድር አያይም፤ የምድሩ ጉብታ ይከልለዋል። ያው ሰው ከሜዳው 100 ሜትር ከፍ ቢል 35 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። 400 ሜትር ከፍ ቢል ደግሞ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። እዚህ ላይ ተማሪዎች አንድ ነገር ያስተውሉ፤ ከፍታው አራት እጥፍ ሲሆን እይታው አራት እጥፍ አልሆነም፥ ሁለት እጥፍ ብቻ ሆነ። እይታው የሚያድገው በከፍታው ሥር ቁጥር ልክ ነውና።

ከዴቪልስ ሔድ ጫፍ በደቡብ በኩል 4,302 ሜትር ከፍታ ያለው ፓይክስ ፒክ የተባለው ተራራ ይታያል፤ በምሥራቅም ዛፍ የሌለበት ሰፊ ሜዳ እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ ተዘርግቷል። በዚህ ስፍራ የእሳት ጥበቃ የተጀመረው በ1912 ነው፤ ዛሬ የሚታየው ማማ ግን በ1951 የተሠራ ነው። በሮኪ ተራሮች ምሥራቅ ፊት ከነበሩት ሰባት ማማዎች ስድስቱ ሥራቸው ሲቀር ይህ አንዱ ጠባቂ እየተቀመጠበት ከእነርሱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቆየ።

4. የጭሱን ስፍራ ስለ ማግኘት

«ጭስ አየሁ» ብሎ መጮኽ ቀላል ነው። ነገር ግን እሳት አጥፊዎች የሚጠይቁት «ወዴት ነው?» ብለው ነው። ጠባቂው ስፍራውን ለይቶ ካልተናገረ ሰዎቹ በጫካ ውስጥ ሲባዝኑ ይውላሉ፥ እሳቱም ያድጋል። ስለዚህ ዊልያም ኦዝቦርን የተባለ የደን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በ1910ዎቹ ዓመታት የእሳት ማግኛ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በማማው መካከል ይቆማል። በላዩ የአገሩ ካርታ ተለጥፎበታል፤ በካርታውም እምብርት ላይ ያለው ነጥብ ማማው የቆመበት ስፍራ ነው። በካርታው ዙሪያ በ360 ዲግሪ የተከፈለ የብረት ቀለበት አለ። በቀለበቱ ላይ፥ በአንዱ ወገን ትንሽ ቀዳዳ፥ በአንጻሩ ደግሞ የተወጠረ የፈረስ ጭራ አለ። ጠባቂው በቀዳዳው አሻግሮ እያየ የፈረስ ጭራው የጭሱን ሥር እስኪነካ ድረስ ቀለበቱን ያዞራል፤ ከዚያም ዲግሪውን አንብቦ በስልክ ይናገራል።

አንድ ጠባቂ የሚሰጠው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ጭሱ በዚያ መስመር ላይ እንዳለ ያውቃል፥ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን በእርግጥ አይታወቅም። በሌላ ተራራ ያለው ሁለተኛ ጠባቂ ያንኑ ጭስ አይቶ የራሱን መስመር ሲናገር ሁለቱ መስመሮች በካርታው ላይ ይተላለፋሉ፤ እሳቱም በመተላለፊያው ነጥብ ላይ ነው።

ምሳሌ፤ «ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት ማማዎች አሉ። «ለ» ከ«ሀ» በስተምሥራቅ 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ዲግሪ የሚቈጠረው ከሰሜን ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ነው። የ«ሀ» ጠባቂ ጭሱን በ45 ዲግሪ አየው፤ የ«ለ» ጠባቂ በ315 ዲግሪ አየው። ተማሪዎች ይህን በወረቀት ላይ ቢነድፉት እሳቱ ከ«ሀ» ወደ ምሥራቅ 5 ኪሎ ሜትር፥ ከዚያም ወደ ሰሜን 5 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያገኛሉ።

ጠባቂው ለምን እንደሚጠነቀቅ ደግሞ በቁጥር ይታያል። አንድ ዲግሪ ብቻ ቢስት፥ እሳቱም 20 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፥ የተናገረው ስፍራ ከእውነተኛው 350 ሜትር ያህል ይርቃል። ገደልና ሸለቆ በበዛበት አገር 350 ሜትር ማለት ሌላ ሸለቆ ማለት ሊሆን ይችላል።

5. ስለ ጠባቂዎቹ

ጠባቂው በማማው የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ የሚቀመጥበትም ወራት እሳት የሚፈራበት በጋ ነው። ሥራው ዙሪያውን ደጋግሞ ማየት ነው። ጉምን ከጭስ፥ የመንገድ አቧራንም ከጭስ መለየት አለበት። ጉም በዝናብ ማግሥት ከየሸለቆው ይነሣል፥ ፀሐይ ሲበረታበትም ይበተናል፤ ጭስ ግን ከአንድ ስፍራ ሳያቋርጥ ይወጣል። ይህን የሚለየው የእያንዳንዱን ጉብታና የእያንዳንዱን ወንዝ መልክ በልቡ ያጠና ሰው ነው። መብረቅ በሚወርድበት ጊዜ ማማው የከፍታ ሁሉ ራስ ስለ ሆነ አደጋ አለበት፤ ስለዚህ ቤቱ መብረቁን ወደ ምድር በሚያወርድ የመዳብ ሽቦ ይታጠራል፥ ጠባቂውም በእግሮቹ ሥር ብርጭቆ በተደረገበት በርጩማ ላይ ይሆናል። ብርጭቆ የኤሌክትሪክን ኀይል አያሳልፍምና። ያም ሆኖ መብረቁ የወደቀበትን ስፍራ ሁሉ ይመዘግባል፤ በማግሥቱ ጭስ ሊነሣበት ይችላልና።

ይህ ሥራ የወንዶች ብቻ ይመስል ነበር። ነገር ግን በ1913 ሃሊ ዳጌት የተባለች ሴት በካሊፎርኒያ ግዛት በክላማት ደን ተሾመች፤ ከደን መሥሪያ ቤቱ የእሳት ጠባቂዎች የመጀመሪያዪቱ ሴት እርስዋ ናት፤ ከአሥር ለሚበልጡ በጋዎችም በዚያው ሥራ ቆየች። ቀደም ብለን በተናገርነው በዴቪልስ ሔድ ደግሞ ከ1919 እስከ 1921 ሔለን ዳው የተባለች ሴት ጠባቂ ነበረች። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የክንድ ብርታት ሳይሆን ትዕግሥት፥ ንቁ ዓይንና እውነተኛ ቃል መሆኑን እነዚህ ሴቶች በሥራቸው አስረድተዋል።

6. እሳትን ሁሉ እንደ ጠላት ስለ መቊጠር

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሽማግሎች በተለየ ያስተውሉት። በ1935 የደን መሥሪያ ቤቱ የታየ እሳት ሁሉ በማግሥቱ ከጧቱ በ4 ሰዓት፥ በእነርሱ አቆጣጠር በ10 ሰዓት፥ በእጅ እንዲሆን የሚያዝ ደንብ አወጣ። እሳቱ ትንሽም ቢሆን፥ ከሰው ቤት የራቀም ቢሆን፥ ልዩነት አልነበረውም። ማማዎቹም ለዚህ ደንብ ዓይን ሆኑ።

ከዚያ በፊት ግን በእነዚያ ደረቅ የጥድ ደኖች ውስጥ መብረቅ የለኮሰውና የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች ሆን ብለው የለኮሱት ዝቅተኛ እሳት በየጊዜው ያልፍ ነበር። ይህ እሳት ደረቁን ሣርና ቊጥቋጦውን ይጠርጋል፤ ልጠ ወፍራም የሆነውን ሽማግሌ ዛፍ ግን አይገድለውም። እሳቱ ሁሉ በጠፋ ጊዜ ቊጥቋጦው በዛ፥ ችግኙ ተጠጋጋ፥ ደረቅ እንጨትም በምድር ላይ ተከመረ። ብዙ ዓመት ሳይቃጠል የቆየው ሁሉ አንድ ቀን በአንድነት የሚቃጠል ማገዶ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ይህን ተረድቶ ያን ደንብ በ1978 ተወው፤ ዛሬም በተመረጠ ቀንና በጠባቂ ሥር ሆን ተብሎ የሚለኮስ እሳት ደንን ከሚጠብቁት መንገዶች አንዱ ነው።

ዴቪልስ ሔድ ባለበት በፓይክ ደን የሆነውን ብንመለከት ነገሩ ይገለጣል። በ2002፥ ጁን በተባለው ወር፥ ሰው ያስነሣው እሳት ድርቅና ብርቱ ነፋስ፥ የተጠጋጋም ደን አግኝቶ ከ55,000 ሔክታር በላይ አቃጠለ፤ ከ130 የሚበልጡ መኖሪያ ቤቶችንም አጠፋ። ከዚያ በፊት በ1996፥ ሜይ በተባለው ወር፥ በዚያው ደን ሌላ እሳት 4,800 ሔክታር ያህል አቃጥሎ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ኀይለኛ ዝናብ ዘነበ፤ ሣርና ሥር የሌለው የተቃጠለ ምድር ውኃውን መያዝ ስላልቻለ ጎርፍ ወረደ፥ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። አመዱና አፈሩ የዴንቨር ከተማ ሕዝብ ውኃ ወደሚጠጣበት ግድብ ገባ። ከዚህ እንደምንረዳው የእሳት ጉዳት እሳቱ በጠፋበት ቀን አያበቃም፤ ደን ሲጠፋ ውኃውም አብሮ ይበላሻል።

እንግዲህ ማማው ስሕተት ነበረ አንልም። ማየቱ መልካም ነበረ፤ ስሕተቱ የታየውን ሁሉ በአንድ ፍርድ መፍረድ ነበር። ጠባቂ ዓይን ነው፥ ዓይን ግን ያለ ልቡና አይፈርድም።

7. ማማዎቹ ዛሬ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፕላንና ሬዲዮ፥ በኋላም በሰማይ የሚዞሩ ሳተላይቶችና በየተራራው የተተከሉ ካሜራዎች የማማውን ሥራ እየወሰዱ መጡ። ብዙ ማማዎች ፈረሱ፥ ተቃጠሉ፥ ወይም በበረዶ ክብደት ወደቁ፤ በሰው የሚጠበቁት ጥቂት መቶዎች ብቻ ቀሩ። ከቀሩትም አንዳንዶቹን በአካባቢው ያሉ ማኅበሮች በፈቃዳቸው አድሰዋቸዋል፤ መንገደኞችም በኪራይ ያድሩባቸዋል። ልጆችን ይዞ ያን አጭር አቀበት የሚወጣ ቤተ ሰብ ከላይ ደርሶ በመስተዋቱ ውስጥ ሲያይ፥ አንድ ሰው ብቻውን ለብዙ ሺሕ ሰዎች ውኃና ቤት ሲጠብቅ እንደ ኖረ ያስተውላል።

8. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

የእሳት ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2000፥ በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም.፥ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ለብዙ ሳምንታት ነድዶ ከውጭ አገር ሳይቀር ረዳቶች መጥተዋል። በ2019፥ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም.፥ ደግሞ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ተነሥቷል። ማሳ ለማጽዳት፥ ከሰል ለማክሰል ወይም ማር ለመቁረጥ የተለኮሰ እሳት ከጠባቂ እጅ ሲያመልጥ ደን ይበላል። የብረት ማማ መሥራት ለአንድ መንደር ከባድ ነው። ነገር ግን ከፍ ያለ ጉብታ በየአገሩ አለ፥ እረኛም በየጉብታው አለ። እረኛው የየሸለቆውን ስም ቢያውቅ፥ ጭስ ባየ ጊዜ ለማን እንደሚናገር አስቀድሞ ቢነገረው፥ መንደሩም የእረኛን ቃል ባይንቅ፥ ያ ጉብታ ማማ ሆነ ማለት ነው። የትኛው እሳት ማሳን እንደሚጠቅምና የትኛው ደንን እንደሚያጠፋ ደግሞ ከሽማግሎች የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ይህንንም እውቀት ሳይለያት ለልጆች ማስተላለፍ ይገባቸዋል።

መምህሩ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ሀ. በ1910 የነበሩት ትንንሽ እሳቶች በምን ምክንያት አንድ ታላቅ እሳት ሆኑ?
ለ. አንድ ጠባቂ ብቻውን የእሳቱን ስፍራ በእርግጥ ለይቶ መናገር የማይችለው ለምንድር ነው?
ሐ. «ሀ» የተባለው ማማ ጭሱን በ90 ዲግሪ ቢያየው እሳቱ በየትኛው አቅጣጫ ነው?
መ. እሳትን ሁሉ ማጥፋት ደኑን የጎዳው እንዴት ነው?
ሠ. ደን ከተቃጠለ በኋላ ጎርፍ የሚበረታው ለምንድር ነው?

የተግባር ሥራ

መምህሩ ተማሪዎቹን በሁለት ክፍል ይክፈላቸው። እያንዳንዱ ክፍል በክብ ጣውላ ወይም በወፍራም ወረቀት ላይ 360 ዲግሪ ይንደፍ፤ በመካከሉ ምስማር ይትከል፥ ከምስማሩም ክር ይሰር። ሁለቱ ክፍሎች ርቀቱ በተለካ በሁለት ጉብታ ላይ ይቁሙ፥ የጣውላቸውንም ዜሮ ወደ ሰሜን ያዙሩ። አንድ ተማሪ በሜዳው ነጭ ጨርቅ በዘንግ ላይ አስሮ ይቁም፤ እሳት ግን ከቶ አይለኮስ። ሁለቱም ክፍሎች ክራቸውን ወደ ጨርቁ ወጥረው ዲግሪያቸውን ይጻፉ። ወደ ትምህርት ቤት ሲመለሱ ሁለቱን መስመሮች በወረቀት ነድፈው የጨርቁን ስፍራ ይፈልጉ፤ ከዚያም በሜዳው በእርምጃ ለክተው ምን ያህል እንደ ሳቱ ይመርምሩ። የሳተው ክፍል አይነቀፍ፤ ነገር ግን ስሕተቱ ከዲግሪው ንባብ ወይም ከጣውላው አቀማመጥ መሆኑን ፈልጎ እንዲያገኝ ይደረግ።